የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ፦ መንግሥትም ነጋዴም

አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳት ስሙን ሲጠራ ሰምታችሁታል፤ የአንበሳ አውቶቡስ ዴፖ ያለበት ነው። ስሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ሰፈሩ የተጠራው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በሚባሉ ሰው ነው። እዚያ ሰፊ ግቢና ትልቅ ቤት ነበራቸው፤ ስማቸው በአዲስ አበቤ አፍ ሲፈጥን ሲያጥር ሸጎሌ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ግን የአዲስ አበባ ሰው አልነበሩም። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከአሶሳ የመጡ፣ ከሱዳን ድንበር ጥግ ያለን አገር ለአራት አሥርት ዓመታት ገደማ የገዙ ባላባት ነበሩ።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ታሪክ አጥኚ አይደለሁም። ወደ ሼህ ሆጀሌ የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው። የአካባቢ መንግሥት፣ ማለትም ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ንግድን በማሳደግ በኩል ምን ድርሻ አለው? ይሄ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የምንጠራቸው ምሳሌዎች የቻይና፣ የቬትናም፣ ሲብስም የሩዋንዳ ናቸው። እዚሁ አገራችን ውስጥ ግን የራሱን ገቢ የሚሰበስብ፣ የራሱን ገበያ የሚያስተዳድር፣ ለማዕከሉ የተወሰነ ነገር ብቻ አስረክቦ የቀረውን ለራሱ የሚያስቀር የአካባቢ መንግሥት ከመቶ ዓመት በፊት ነበር። አንደኛው አሶሳ ላይ ነበር፤ መሪውም ሼህ ሆጀሌ።

እስቲ ከአገሩ እንጀምር።

ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምንለው ክልል ምዕራባዊ ክፍል በድሮው አጠራር ቤላ ሻንጉል ነው። በርታዎች የኖሩበት፣ ከጎናቸው ጉሙዝ፣ ማኦና ኮሞ ያሉበት ምድር። ጅረቶቹ ወርቅ ያወርዳሉ። ሴቶች በገበቴ አሸዋውን እያጠቡ ደቃቁን ወርቅ ይለዩታል፤ ይሄ ሥራ ዛሬም አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወርቁ በሁለት አቅጣጫ ይሄድ ነበር። በምሥራቅ በኩል ከደጋው የሚመጣው አሞሌ ጨው ይለውጠዋል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ጨርቅና ዶቃ ይዘው ይመጡበታል። አገሩ ጨው የለውም፤ ጨው ያለው ደግሞ ወርቅ የለውም። ከዚህ የተሻለ የንግድ ምክንያት አይገኝም።

የወርቁ ወሬ ግን ነጋዴ ብቻ አልነበረም የሚጠራው። የግብፁ ገዢ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ሲይዝ ከሚፈልጋቸው ነገሮች ሁለቱ ወርቅና ባሪያ ነበሩ፤ ኋላም በስተርጅናው ራሱ እስከ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ ወርቁን ፈልጓል። የጠበቀውን ያህል አላገኘም። የእሱ ጦር የከፈተው መንገድ ግን አልተዘጋም፤ ለንግድም ለዘረፋም አገለገለ።

ከጀላባዎቹ ብዙዎቹ መጥተው አልተመለሱም። የበርታ ባላባቶችን ልጆች አገቡ፣ ወለዱ፣ ቋንቋውን ቻሉ። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ቤተሰቦች ወታዊት ይባላሉ። በሁለት በኩል ዘመድ ስላላቸው ንግዱንም ሥልጣኑንም በአንድ ጊዜ ያዙት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በቤላ ሻንጉል ገዢውና ነጋዴው መጀመሪያ ሁለት ሰው ሆነው ቆይተው በኋላ የተጠጋጉ አይደሉም። ገዢው መደብ ራሱ ከንግድ ነው የተወለደው። ሼህ ሆጀሌም የዚሁ መደብ ሰው ናቸው።

በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ አካባቢው ሦስት ዋና ሼኮች ነበሩት። አንዱ የቤላ ሻንጉሉ አብዱራህማን ሆጀሌ (ቶር አል ጉሪ በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃሉ)፣ ሁለተኛው የኮሞሻው ሼህ፣ ዛሬ ሆሞሻ የሚባለው ወረዳ ያለበት፣ ሦስተኛው ደግሞ አሶሳን የሚያጠቃልለው የአቆልዲ ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን። በስም መመሳሰል እንዳትሳሳቱ፤ ሁለቱ ሆጀሌዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ተቀናቃኞችም ነበሩ።

ዘመኑ አስቸጋሪ ነበር። በምዕራብ መሐዲስቶች ተነስተው ግብርና ወታደር ይጠይቃሉ። በምሥራቅ ከዓድዋ ድል በኋላ ጉልበቱ የጨመረው የአጼ ምኒልክ መንግሥት ወደ ድንበሩ እየገፋ ነው። ከኋላ ደግሞ እንግሊዝ ሱዳንን ለመያዝ እየመጣች ነው። ከእነዚህ መሃል የተቀመጠ ትንሽ ገዢ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ መገመት አለበት፤ የተሳሳተ እንደሆነ አበቃለት።

በ1890 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ራስ መኮንንን ወደ ቤላ ሻንጉል ላኩ። የወለጋ ገዢዎችም ጦር ይዘው አብረው ዘመቱ። ሼኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ከባዱን ውጊያ የገጠሙት የቤላ ሻንጉሉና የኮሞሻው ሰዎች ናቸው፤ ሼህ ሆጀሌ ከሌሎቹ ይልቅ ለመስማማት የቀረቡ ነበሩ። ቢሆንም ከእስር አላመለጡም። ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱና ታሰሩ።

ታሪኩ እዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ተይዞ ወደ ማዕከል የተወሰደ ባላባት ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ሼህ ሆጀሌ ግን ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ተፈተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የተመለሱትም ከሄዱበት ጊዜ የበለጠ ሥልጣን ይዘው ነው። ለምን? ማዕከሉ ወርቅ ስለፈለገ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የድንበር ስምምነት ቤላ ሻንጉልን ለኢትዮጵያ አደረገ። መስመሩን ካርታ ላይ ማስመር ይቻላል። ወርቁን ከእያንዳንዱ ጅረት አሰባስቦ አዲስ አበባ ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ቋንቋውን፣ ቤተሰቡን፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ከደጋ የሚላክ ሹም በቆላው ወባ ይወድቃል፤ ከሕዝቡ ጋርም አይግባባም። ሼህ ሆጀሌ ይሄን ሁሉ ያውቃሉ። እስር ቤት ተቀምጠው የጠበቃቸው ይሄ እውቀት ነው።

የተሰጣቸው ውል ስም አለው፦ ቁርጥ ግብር።

ቁርጥ ግብር ማለት በየዓመቱ የተወሰነ መጠን ታስረክባለህ፣ እኛ ደግሞ ሹም አንልክብህም ማለት ነው። ጅማ በአባ ጅፋር፣ ነቀምቴ በኩምሳ ሞረዳ፣ ቄለም በጆቴ ቱሉ፣ አፋር ውስጥም አውሳ በዚህ ዓይነት ውል ተይዘዋል። ከአሶሳ የሚጠበቀው ወርቅ ነበር፤ በወቄት ተመዝኖ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። ግብሩ ቁርጥ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚገኘው እያንዳንዱ ብር የአካባቢው ገዢ ነው። ስለዚህ ገዢው ኢኮኖሚውን ለማሳደግ ጥሩ ምክንያት አለው። ማንኩር ኦልሰን የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት የታወቀ ሐሳብ አለው፦ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚዘርፍ ሽፍታ እየዞረ ከሚዘርፈው ይሻላል፣ ምክንያቱም ነገም ከዚያው ሕዝብ መሰብሰብ ስለሚፈልግ ሕዝቡ እንዲያመርት ይተወዋል። በወረቀት ላይ ሼህ ሆጀሌ ልክ እንደዚህ ዓይነት ገዢ መሆን ነበረባቸው። ቋሚ ናቸው፣ ውላቸው ግልጽ ነው፣ ትርፉ የራሳቸው ነው።

በከፊል እንደዚያ ሆነዋል። በእሳቸው ዘመን የአሶሳ አካባቢ ንግድ ሞቅ ያለ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከወለጋ ደጋ ይመጣል፤ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ሮዜሬስ ይወርዳል። ኩርሙክ ዛሬም ድንበር ላይ ቁጭ ያለች፣ ስሟም በሁለቱም አገር ያለ ከተማ ናት። ነጋዴ በሼኩ ግዛት ሲያልፍ ቀረጥ ይከፍላል፤ በምትኩ መንገዱ ላይ የእሳቸው ስም ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት ለነበረው፣ ሦስት ሼኮች በየተራ ለሚያስከፍሉበት ዘመን ይሄ መሻሻል ነው። መንገድ ሰላም ሲሆን ንግድ ይበዛል፤ ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ችግሩ ግን መንገዱን የሚጠብቁት፣ ቀረጡን የሚሰበስቡትና በመንገዱ ላይ ዋናውን ንግድ የሚነግዱት ያው አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ወርቁን እንውሰድ። በቁርጥ ግብር ሥር ወርቅ የሚያጥበው ሕዝብ ወርቁን በገበያ ዋጋ አይሸጥም፤ ለሼኩ ያስረክባል። ሼኩ ከዚያ ላይ የአዲስ አበባውን ድርሻ ይልካሉ፣ የተረፈው የእሳቸው ነው። ጥሩ ወርቅ ያለበት ቦታ ያገኘች ሴት ምን ታደርጋለች? ብትናገር ኮታዋ ይጨምራል። ዝም ማለት ይሻላታል። የተሻለ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣም የለም፤ የሚጨምረው ወርቅ የእሱ ስላልሆነ። በሌላ አነጋገር ሥራው ትውልድ ቢቆጠርም በገበቴ እንደተጀመረ በገበቴ ይቀጥላል።

የባሰው ግን ከወርቁ ሌላ ያለው ሸቀጥ ነው። ሰው።

ይሄን ክፍል ዘሎ የሚያልፍ የሼህ ሆጀሌ ታሪክ አንብባችሁ ከሆነ፣ ግማሹን ነው ያነበባችሁት። ቤላ ሻንጉልና ጉሙዝ በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ ዋና ምንጮች ነበሩ። ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች ሰዎች እየታደኑ ይወሰዱ ነበር። ከፊሎቹ ወደ መሃል አገር፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይላካሉ፤ ከፊሎቹ ድንበር ተሻግረው ወደ ሱዳን ይሸጣሉ። ከሼኩ ሚስቶች አንዷ ሲት አምና በዚህ ንግድ ስማቸው በድንበሩ ሁሉ የታወቀ ነበር። ሴት ነጋዴ፣ የራሳቸው ሰዎችና የራሳቸው መንገድ ያላቸው። የንግድ ችሎታቸው ለሌላ ሸቀጥ ውሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሴት ሥራ ፈጣሪነት ሥልጠና ላይ ስማቸው ይነሳ ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ለዚህ አልዋለም።

ባሪያ ንግዱ ጨካኝ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ለማስረዳት አልሞክርም። ወደ ኢኮኖሚው ስንመለስ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ኦልሰን እንዳለው ቋሚ ገዢ ሕዝቡን እንዲያመርት ይተወዋል ከተባለ፣ ሼህ ሆጀሌ ለምን ሕዝቡን ራሱን ሸጡት?

የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ኦልሰን የሚያስበው ገዢ ሊያገኝ የሚችለው ገቢ ከምርት ብቻ እንደሆነ ነው። ሼህ ሆጀሌ ግን ሁለት ምርጫ ነበራቸው። አንደኛው ሕዝቡ ወርቅ እንዲያጥብ፣ እህል እንዲዘራ፣ ቀስ ብሎ እንዲበለጽግ ማድረግ፤ ይሄ ዓመታት ይወስዳል። ሁለተኛው ከግዛታቸው ጫፍ ባሉ መንደሮች ላይ ጦር ልኮ በአንድ ሳምንት ሸቀጥ ይዞ መመለስ። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ገዢ ሁልጊዜ አለው፣ ቁርጥ ግብሩ ሲጎድልም ይሞላል። የሚጎዱት ደግሞ የእሳቸው ቤተሰብ ያልሆኑ፣ አቤት የሚሉበት ቦታ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የታደኑት ሰዎች ከመንገድና ከገበያ እየሸሹ ወደ ማይደረስበት ገደል ገቡ፤ ከገበያ የሸሸ ሰው ደግሞ አይገዛም፣ አይሸጥም። የንግድ መንገዱ ሲያብብ መንገዱ የሚያልፍበት አገር ባዶ እየሆነ ሄደ።

እዚህ ላይ ቻይናን ላምጣት፤ ምሳሌው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1993 ባለው ጊዜ የቻይና ክፍለ ሀገራት ከቤጂንግ ጋር የነበራቸው ውል ከቁርጥ ግብር ብዙም አይርቅም። የተስማሙበትን ለማዕከሉ ያስገባሉ፣ የተረፈውን ያስቀራሉ። በዚያ ዘመን የከተማና የመንደር አስተዳደሮች በየቦታው ፋብሪካ ከፈቱ፤ ጡብ፣ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ሹማምንቱ ከእኛዎቹ የተሻለ ልብ ስለነበራቸው አይመስለኝም። ገቢ ማግኘት የሚችሉት አንድ ነገር ተመርቶ ሲሸጥ ብቻ ስለነበረ ነው። አቋራጩ መንገድ ተዘግቶባቸው ነበር። በአሶሳ ያው ዓይነት ውል፣ አቋራጩ ግን ክፍት፤ ውጤቱ ሌላ ሆነ።

ጅማን የሚያነሳ ይኖራል። አባ ጅፋር ያው ቁርጥ ግብር እየከፈሉ የሂርማታን ገበያ የታወቀ ትልቅ ገበያ አድርገውታል፣ ነጋዴ ከየአገሩ ይመጣ ነበር። እውነት ነው። ግን ጅማም የባሪያ ገበያ ነበረባት። ልዩነቱ ጅማ ከባሪያው ሌላ ቡና ነበራት፤ ቡና ደግሞ ገበሬው በቦታው ካልተቀመጠ አይለቀምም። አሶሳ ያላት ወርቅ ነው፤ ወርቅ ሰውን በቦታው ለማስቀመጥ ያን ያህል አያስገድድም። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ የታሪክ ምሁራን ሊከራከሩኝ ይችላሉ።

ወደ ሰውየው እንመለስ። የአዲስ አበባው ቤት ለምን አስፈለጋቸው? ለእኔ ይሄ ቤት በዛሬ ቋንቋ የግንኙነት ቢሮ ነው። ውሉ የሚታደሰው አሶሳ ላይ አይደለም፤ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሥ ሲለወጥ፣ ሚኒስትር ሲሻር፣ ጎረቤት ባላባት ሲከስ፣ ቶሎ ሰምቶ ቶሎ መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ምኒልክ ሞቱ፣ ልጅ ኢያሱ መጥተው ሄዱ፣ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከዚያም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሼህ ሆጀሌ ይሄን ሁሉ አልፈው ሥልጣናቸው ላይ ነበሩ። የዘመኑን ፖለቲካ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አስቡት፤ አንድ የአካባቢ መሪ ከገዛ ሕዝቡ ይልቅ ለቤተ መንግሥቱ በር ቅርብ ሆኖ ቤት ሲሠራ፣ ሥልጣኑን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል ማለት ነው።

ነፋሱ መለወጥ የጀመረው በ1916 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ ለመግባት ከተነሱባት ጥያቄዎች ዋናው የባሪያ ንግድ ነበር። በዚያው ዓመት ተፈሪ የባሪያ ንግድን የሚቃወም አዋጅ አወጡ። አዋጁ አሶሳ ለመድረስ ጊዜ ፈጀ፤ ከደረሰም በኋላ አስፈጻሚው ማን ነው? ራሳቸው ሼኩ። ንግዱ ላይ ያለውን ሰው ንግዱን እንዲያቆም ማዘዝ ምን እንደሚመስል መገመት ቀላል ነው። ይልቁንም ጉዳዩን ያናወጡት ከግዛቱ ሸሽተው ሱዳን የገቡት ሰዎች ናቸው። እነሱ የተናገሩት በእንግሊዝ ሹማምንት ተጻፈ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባና ወደ ጄኔቭ ደረሰ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሲት አምና በሱዳን መንግሥት ተይዘው ታሰሩ። አዋጁ በወጣበት አገር ያልተነካው ንግድ ድንበር ማዶ ተነካ።

አሁን ትንሽ ወደ ዛሬ ልዝለል፤ ምክንያት አለኝ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዛሬም ወርቅ አምራች ነው። ሕገ መንግሥቱ ክልሎች ከማዕድን ሥራ ግብርና ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል፤ ከትልልቅ ማዕድን የሚገኘውን ደግሞ ከፌዴራሉ ጋር በጋራ። ባህላዊ አምራቾች በማኅበር እየተደራጁ ፈቃድ ያወጣሉ፣ ወርቁ ለብሔራዊ ባንክ ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ የክልሉ ሪፖርት በቴሌቪዥን ሲነበብ የምንሰማው ምንድን ነው? ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ኩንታል ወርቅ ለባንክ ቀረበ፣ ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተሳካ። ስንት ወጣት ከወርቅ ባገኘው ገንዘብ ሱቅ ከፈተ፣ ስንት ማኅበር ገበቴውን ትቶ ማሽን ገዛ፣ አሶሳ ላይ ወርቁን ቀለበት የሚያደርግ ስንት ወርቅ ሠሪ አለ የሚለው በሪፖርቱ ብዙም ቦታ የለውም። ባርነቱም፣ ሼኩም፣ ቁርጥ ግብሩም የሉም፤ ዘመኑን ከዘመኑ ጋር አላመሳስልም። ግን የአካባቢ መሪ የሚለካው ወደ ላይ ባስረከበው ወቄት ከሆነ፣ ጉልበቱን የሚያፈሰው ማስረከቡ ላይ ነው። ንግዱ ማደጉ ከተገኘ ተጨማሪ ነው።

ዝም ማለት የምትመርጠዋ ወርቅ አጣቢም አልጠፋችም፤ ዛሬ ስሟ ኮንትሮባንድ ሆነ እንጂ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የባንኩ ዋጋና የጥቁር ገበያው ዋጋ በጣም ሲራራቁ ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባው ወርቅ ክፉኛ ወርዶ ነበር። ወርቁ አላለቀም፤ መንገድ ለወጠ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወርቁ ተመልሶ መጣ፤ በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወርቅ ያገኘችው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አጣቢዋን በግምገማና በኬላ ፍተሻ ያላመጧት፣ ዋጋ አመጣት። በኩርሙክ ደግሞ አላይድ ጎልድ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ሲገነባ ቆይቷል፤ የሼኩ ነጋዴዎች ቀረጥ እየከፈሉ ያልፉባት በነበረችው በዚያችው ኩርሙክ። እዚያ ያለው የወረዳ አስተዳደር ከኩባንያው የሚጠብቀው ምንድን ነው? የምግብ አቅርቦቱን፣ ትራንስፖርቱን፣ ጥገናውን የአካባቢው ሰው እንዲይዘው አድርጎ መደራደር ይችላል ወይስ የሥራ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ዝርዝር መላክ ብቻ ነው ሥራው? ኢኮኖሚስቶች ትስስር የሚሉት ይሄንን ነው፤ በራሱ አይመጣም፤ አስቦ የሚያመጣው ሰው ወረዳው ውስጥ ካለ ነው።

የሼህ ሆጀሌ የመጨረሻ ዓመታት አጭር ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ሲወር፣ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ፣ በጣም አርጅተው ነበር። እንደ ወጣትነታቸው አሁንም ማን እንደሚያሸንፍ ገመቱ፤ ከጣሊያን ጎን ቆሙ። አርበኞቹን ከማገዝ ይልቅ አዲሱን ጌታ መረጡ። ብዙዎች ይሄን ይቅር አይሏቸውም፤ እኔም ለመከላከል አልነሳም። ነገር ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ያደረጉትን ነው ያደረጉት፦ ከላይ ያለውን ኃይል ለይቶ ከእሱ ጋር ውል መግባት። በ1890 ያዳናቸው ስሌት በ1928 ስማቸውን አበላሸው። በ1930 ዓ.ም. ሞቱ።

ጣሊያን ባርነትን በአዋጅ ሻረ፤ የሻረው ግን ለፕሮፓጋንዳውም ስለሚጠቅመው ነበር። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር አሶሳን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ የኮንጎ ወታደሮች አሶሳ ድረስ መጥተው መዋጋታቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ የቁርጥ ግብሩ ሥርዓት አልተመለሰም። ሹም ከማዕከል በደመወዝ ይላክ ጀመር፤ ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር። ሼኩ ለአርባ ዓመት ሲከላከሉት የነበረው፣ ከላይ የሚላከው ሹም፣ እሳቸው ሲሞቱ መጣ።

እሳቸው ግን ለተተኪ የተዉት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ቀረጡ በስማቸው ይሰበሰብ ነበር፣ መንገዱ በስማቸው ይጠበቅ ነበር፣ ወርቁ በእጃቸው ያልፍ ነበር። ከእሳቸው ተለይቶ የቆመ፣ የራሱ ገንዘብ ያለው፣ ሹም ቢለወጥ ንግዱን የሚቀጥል የነጋዴ ወገን አሶሳ ላይ አልወጣም፤ ዋናው ነጋዴ እሳቸው ሆነው እንዴት ይውጣ? ስለዚህ አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆነች። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነቀምቴ ነበረች፣ ያች ጥንት በቁርጥ ግብር ጎረቤታቸው የነበሩት የኩምሳ ሞረዳ ከተማ። አሶሳ የራሷ ክልል ዋና ከተማ ለመሆን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ጠበቀች።